የሱቁ ቁልፍና የችሎቱ መዝገብ

አዋሳ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሸዋንግዛው
ናይሮቢ

ባሉበት አገር ጤና፣ በሚወጡበት መንገድ ሰላም ይስጥልኝ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እናቴ ብርሃነሽ «ለአጎቴ ልጅ ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ወረቀቱ ላይ የሚሳም ከሆነ» ብላለች። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እሑድ እሑድ አሁን ቤት ነው የምንውለው።

እናቴን ሳሉ አልተዋትም። የሐይቁ ነፋስ ሲበረታ ደረቷን ያፍናታል። ሐኪሙ ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት እንዳለ ነግሮን ስሙን ጻፈልን፤ እዚህ ግን አይገኝም። ከተቻለዎት ቢልኩልን ብዬ ወረቀቱን አብሬ ልኬያለሁ።

ሌላው ወሬ ይኸውልዎ። በቀበሌያችን ስብሰባ የሕብረት ሱቁ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ሊቀመንበራችን ጓድ በኃይሉ ቁልፉን ሲሰጠኝ «እናንተ ሰዎች አትሰርቁም ይባላል፤ እስቲ እናያለን» አለኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

እርስዎ በጃንሆይ ጊዜ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋልና ጉቦን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አሁን ግን ባለርስት የለም፣ ደጅ የሚያስጠና ዳኛም የለም። ስኳሩ የሁላችን ነው፤ ሰው ከራሱ ጎተራ ምን ብሎ ይሰርቃል እላለሁ። እዚያ ግን ሁሉ ነገር በገንዘብ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አክባሪዎ፣ አባይነሽ ግዛቸው

---

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለአባይነሽ

እናትሽን ከነሳሏ እግዚአብሔር ያቆይልን፤ አንቺንም ከያዝሽው ቁልፍ ጋር ይጠብቅሽ።

ደብዳቤሽ ሁለት ወር መንገድ ላይ ቆይቶ ደረሰኝ። ፖስታው ሁለተኛ በሙጫ የታሸገ ይመስላል። የዝናብ ነገር ይሆናል። ይህን መልስና ሦስት መድኃኒት ግን በአንድ ሾፌር እጅ ልኬያለሁ። ስሙ ጠሀ ይባላል፤ ከአዋሳ ሞያሌ የሚመላለስ የታመነ ሰው ነው። ብትጽፊልኝ ለእሱ ስጪው።

የጠየቅሽው እውነት ነው። የምሠራው በአንድ ህንድ ነጋዴ የመኪና መለዋወጫ መደብር ነው። ከወደብ ለሚመጣው ዕቃ ወረቀት አስጨርሳለሁ። መጀመሪያ ቀን አንድ ሹም ፊርማውን ሊያኖር ብዕሩን አነሣና «ዛሬ ሻይ አልጠጣሁም» አለኝ። እኔ የአዋሳ ሰው፣ እውነት መስሎኝ «ና፣ ማዶ ሻይ ቤት አለ፣ ልጋብዝህ» አልኩት። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ፖስታውን አዘጋጅቼ እሄዳለሁ። ዋጋው የታወቀ ነው፤ ማንም አይቆጣም፣ ማንም አያፍርም።

ገንዘብ ላለው አገሩ ለስላሳ ነው። ጎረቤቴ ጎመን ቸርቻሪ ናት። የሻይ ያጣች ሳምንት የገበያው ዘበኞች ጠረጴዛዋን ይሰብሩባታል። ጋዜጣ አንዳንዴ ይህን ይጽፋል። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ያለውን ሹም ይወቅሳል፤ ከዚያ በላይ ሲደርስ ስለ እግር ኳስ ይጽፋል።

አንድ ምክር ልስጥሽ። ያለ ወረቀት አንዲት ማንኪያ ስኳር ከግምጃ ቤቱ አይውጣ። ወረቀቱንም አስቀምጪ። ስለ ወረቀት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የፍርድ ቤቱን ነገር ስላነሣሽው፣ እሱን ሌላ ቀን እንጫወታለን።

አጎትሽ፣ ሸዋንግዛው

---

አዋሳ፣ መጋቢት 27 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሸዋንግዛው

ደረት ለከፈተልን ለእርስዎ ጌታ ሰማዩን ይክፈትልዎ። መድኃኒቱ ደርሶናል። ሦስት ነው ብለው ጽፈዋል፤ የደረሰን ሁለት ነው። ጠሀ «አንዱ መንገድ ላይ ባለ ኬላ ቀረ፤ የፈታሹም እናት ታማለች» አለን። እናቴ «እንግዲህ ያቺም ትተንፍስ» አለች።

ይህን በጠሀ እጅ ስለምልክ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ሁለት ዓመት አለፈው፤ እሑድ እሑድ ተደብቀን ቤታችን ነው የምንጸልየው። ጓድ በኃይሉ «እናንተ ሰዎች» ያለው እኛን ጴንጤዎቹን ነው። መጀመሪያ የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ወሰዱብን፣ ቀጥሎ የስኳሩን ቁልፍ ሰጡኝ።

አሁን ገብቶኛል። እዚህ ማንም ሳንቲም አይቀበልም። የሚሄደው ቁራጭ ወረቀት ነው። «ለእንግዶች መስተንግዶ አንድ ኩንታል ስጪ። በኃይሉ።» በሦስት ሳምንቱ «ለስብሰባ ሻይ ሁለት ኩንታል።» ስኳሩ ወደ አንድ ባለሥልጣን ቤት ይሄዳል። ከዚያ ቤት ደግሞ ለጓድ በኃይሉ የተወረሰ ቪላ ይመጣለታል፤ ለወንድሙም የይለፍ ወረቀት። ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ኩፖን ይዞ ይሰለፋል። ግማሹ ሳይደርሰው በሩን እዘጋለሁ። ፅጌ የምትባል ጎረቤታችን ጨቅላ አዝላ ሦስት ቅዳሜ ባዶ እጇን ተመለሰች። በሦስተኛው «አንቺም እንደነሱ ሆንሽ?» አለችኝ።

ጓድ በኃይሉን አንድ ቀን «ይህ ሁሉ እንግዳ ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አብዮቱ እንግዳ አያጣም» አለኝ። «ደግሞ እሑድ እሑድ በእናንተ ቤት የሚሰበሰበውን እንግዳ እኔ ጠይቄሻለሁ?»

እርስዎ ብዙ አይተዋል። ምን ላድርግ?

አባይነሽ

---

ናይሮቢ፣ ግንቦት 30 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለአባይነሽ

በአንቺና በሚፈልግሽ ክፉ መካከል እግዚአብሔር ይቁም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በምኖርበት ግቢ አንድ የኡጋንዳ መምህርና አንድ ታንዛኒያዊ የጭነት መኪና ሾፌር አሉ። ማታ ማታ እንጫወታለንና የአንቺን ነገር፣ ስምሽን ሳልጠራ፣ አጫወትኳቸው። ሾፌሩ ገና ሳልጨርስ «ይህማ የኛ ሱቅ ነው» አለ። በእነሱም አገር ሱቁ የመንግሥት ነው፤ ሳሙናው ከፊት በር ይጠፋና በኋላ በር ይገኛል። ሆኖም «መሪዎቻችን ራሳቸው ሀብታም አልሆኑም፤ ያንን አልክድም» አለ። መምህሩ ግን «በኛ አገር ወታደር ሲገዛ ወረቀትም ፖስታም አልነበረም። መኪናህን ከወደደው ቁልፉን ይቀበልሃል፤ ከጠየቅኸው አንተንም ይወስድሃል» አለ።

ከዚያ በኋላ ሳስብ ሰነበትኩ። ሌብነት በየአገሩ አለ፤ የሚለብሰው ልብስ ግን አገዛዙ የሰፋለት ነው። እዚህ ገንዘብ የሌለው ተበዳይ ነው። እናንተ ዘንድ ዘመድ ወይም ማኅተም የሌለው። በጃንሆይ ጊዜም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ የሚበላው እንደ ጨዋ ይቆጠር ነበር።

ምክሬ ይህ ነው። ታምሜያለሁ በዪና ቁልፉን መልሺ። ጉድለቱ አንድ ቀን ይቆጠራል፤ የሚጠየቀው ወረቀት የጻፈው ሳይሆን በር የከፈተው ነው። እኔ በዕድሜዬ ትልቁ ሲጠየቅ አላየሁም።

አጎትሽ፣ ሸዋንግዛው

---

ናይሮቢ፣ መስከረም 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ አባይነሽ

አዲሱ ዓመት የምሥራች ያሰማን። በሐምሌና በነሐሴ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ጠሀም ሱቁን ሌላ ሰው ይዞታል ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። ሌላ ነገር አትጻፊ፣ «አለሁ» ብቻ በይኝ።

ሸዋንግዛው

---

አዋሳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሸዋንግዛው

አለሁ። ላሰቡልኝ ሁሉ ጌታ ብድርዎን ይክፈል።

ምክርዎ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። በሰኔ መጨረሻ ከበላይ ቆጣሪዎች መጡና አሥራ አንድ ኩንታል ስኳር ጎደለ። ጓድ በኃይሉ ከመቀመጫው ሳይነሣ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አለ። የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብዬ ታሰርኩ። ሃያ ሦስት ቀን ቆየሁ። አልመቱኝም። እናቴ በዚያ ደረቷ ምሳ ስታመላልስ ማየት ግን ከዱላ አይሻልም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሕዝቡ በአዳራሹ ተሰበሰበና ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። የጓድ በኃይሉን ቁራጭ ወረቀቶች አንድም ሳልጥል አስቀምጬ ስለነበር፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛልኝ መጣች። ተነሥቼ «አንድ ጥፋት አለብኝ። ይህ ሁሉ ሲወጣ እያየሁ ለእናንተ አልተናገርኩም» አልኩና ማንበብ ጀመርኩ።

«ጥር 14 ቀን። ለእንግዶች መስተንግዶ አንድ ኩንታል።»

ያቺ ፅጌ፣ ጨቅላ አዝላ ትሰለፍ የነበረችው፣ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ከኋላ ተነሣች። «ጥር 14 እንግዳ አልመጣም። ቢመጣ ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ» አለች።

«የካቲት 6 ቀን። ለስብሰባ ሻይ ሁለት ኩንታል።»

«የካቲት 6 አዳራሹ አልተከፈተም።»

ሦስተኛውን ሳነብ ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ይጠብቅ ጀመር። ጓድ በኃይሉ «ይህ የአድኃሪያን ሴራ ነው» ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ አቶ ደበሌ እጃቸውን አነሡ። ያስታውሷቸዋል፣ ሽማግሌው የሲዳማ ሰው፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩት። መጀመሪያ በሲዳምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ። «እኛ ዘንድ ሀላሌ የሚባል አለ፤ እውነት ማለት ነው። ከሀላሌ ጋር የተጣላ ከማን ጋር ይታረቃል? ልጄ፣ ሴራውን ተወው። ጽሕፈቱ የእጅህ ነው ወይስ አይደለም?»

ጓድ በኃይሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ከቆጣሪዎቹ አንዱ ወረቀቶቹን ከእጄ ተቀበለ።

በማግስቱ ተፈታሁ። ይቅርታ ያለኝ የለም፤ ሥራውም ለሌላ ተሰጠ። ጓድ በኃይሉ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ አንዳንዱ ከፍ ብሎ ነው ይላል። ስኳሩ አልተመለሰም። ግን ፅጌና ሌሎቹ ሴቶች በየቅዳሜው የወጣው ዕቃ በር ላይ ቆሞ ይነበብልን ብለው አስወሰኑ። እስካሁን ስድስት ቅዳሜ ተነቧል።

ትልቁ ሲጠየቅ አላየሁም ብለውኝ ነበር። እኔም ሲቀጣ አላየሁም። ሲጠየቅ ግን አይቻለሁ።

አባይነሽ

---

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአባይነሽ

ይህን ደብዳቤ በምን ምርቃት እንደምጀምረው አላውቅም፤ ስለዚህ እንዲሁ እጀምረዋለሁ።

አንቺ ወረቀት አስቀምጠሽ ታሰርሽ። እኔ ወረቀት አጥፍቼ ተሸለምኩ።

በእኛ ጊዜ ጉቦ የሚለውን ቃል አንጠራውም ነበር። እጅ መንሻ ነው የምንለው። ባዶ እጁን የሚመጣ ባለጉዳይ እንደ ባለጌ ይታይ ነበር። ለዳኛው ሰንጋ፣ ለእኔ ማር፣ ለዘበኛው ትንሽ ነገር። ስሙ ስላማረ አላፈርንበትም።

በ1958 ዓ.ም. አባትሽ ግዛቸው በሐይቁ ዳር ስለገዛት መሬት ከአንድ ባለርስት ጋር ተከራከረ። የግዢ ውሉን ዋናውን አምጥቶ «አንተ ዘመድ ስለሆንህ እምነቴ በአንተ ነው» ብሎ በእጄ ሰጠኝ። ደረሰኝ አልጠየቀኝም። በዚያው ሳምንት ባለርስቱ አንዲት በቅሎ ከነኮርቻዋ ላከልኝ። ውሉን ከመዝገቡ አወጣሁና ቤቴ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

በችሎት ቀን ዳኛው «ውልህ የታለ?» አሉት። አባትሽ ወደ እኔ ዞሮ «ለአቶ ሸዋንግዛው አስረክቤያለሁ» አለ። እኔ «አልተረከብኩም» አልኩ። አንድ ቃል ናት።

መሬቱን አጣ። በዚህ አልበቃኝም። የዘመዱን ስም አጠፋ ብዬ ሽማግሌ ሰበሰብኩ፤ ሽማግሌዎቹም ፈረዱበት። ቤቴ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። እኔም «ተነሥ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። በሁለት ዓመቱ ሞተ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ለውጡ እንዳያገኘኝ ፈርቼ ነው። ባለርስቱ ሄደ፣ ንጉሡም ሄዱ። እኔ ግን ያንን ቀን ተሸክሜው እዞራለሁ። ሥርዓቱ ነው ያስበላኝ ብዬ ስንት ዓመት ራሴን አጽናናሁ። እውነትም በር ከፍቶልኛል። አንቺ ግን በሩ ተከፍቶልሽ አልገባሽም፤ ከዚያ በኋላ ማጽናኛው ጠፋኝ።

ሸዋንግዛው

---

አዋሳ፣ የካቲት 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአቶ ሸዋንግዛው

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

አባቴ ጉልበትዎን ሲስም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ አባቴ ዘመዱን በሐሰት የወነጀለ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለእርስዎ ያን ያህል ዝቅ ብዬ የምጽፈው የእሱን በደል የምክስ መስሎኝ ነው። እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አላመነችበትም። «ግዛቸው አይዋሽም» ትል ነበር፤ እኛ ልጆቹ ዝም እንላት ነበር።

መድኃኒት አይላኩልን። እዚህ አንድ ነርስ አግኝታልን እየሞከርን ነው።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለእኔ የጻፉትን በንጹሕ ወረቀት፣ በራስዎ ስም፣ ለሽማግሌዎቹ ይጻፉት። ይፈርሙበት። መሬቱ ዛሬ የመንግሥት ነው፤ ወረቀቱ ሣር እንኳ አያስመልስም። የሚመለስ ነገር ቢኖር የአባቴ ቃል ነው።

አባይነሽ ግዛቸው

---

ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአባይነሽ

ያልሽውን ጽፌ ፈርሜያለሁ። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። በየጊዜው አንዲት ማሳበቢያ ትገባብኝ ነበር፤ የዘመኑ ልማድ ነው፣ ደመወዜ ትንሽ ነበር፣ ሌላውም ያደርገዋል የምትል። በአምስተኛው እንዲህ ብቻ አልኩ።

«እኔ ሸዋንግዛው፣ ግዛቸው የመሬቱን ውል በእጄ አስረክቦኝ ነበር። በቅሎ ተቀብዬ ውሉን አቃጠልኩ። በችሎትም በሽማግሌም ፊት ዋሸሁ። ግዛቸው እውነት ተናገረ።»

ጠሀ ይዞልሽ ይመጣል። እንዳይከፍተው አልለመንኩትም።

ሸዋንግዛው

---

አዋሳ፣ ሰኔ 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ ሸዋንግዛው

ይህ ደብዳቤ በደህና ጊዜ ያግኝዎ።

በሱቁ በር ላይ የነበረው ንባብ ቀርቷል። አዲሱ ሊቀመንበር «ጊዜ ይፈጃል» ብሎ አስቆመው። ሴቶቹ ግን እንደገና አቤት ብለዋል፤ ፅጌ ጉዳዩን አልለቀቀችውም።

የእርስዎን ወረቀት ያነበብኩት ባለፈው እሑድ በግቢያችን ነው። አባቴ ላይ ከፈረዱት አራት ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። አንደኛው ዓይናቸው አያይም፤ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። አራተኛው አቶ ደበሌ ናቸው። ለምን እንደጠራኋቸው አልነገርኳቸውም ነበር። እናቴም ያን ቀን ነው የሰማችው፤ ብቻዬን ልነግራት አልደፈርኩም።

ወረቀቱ አጭር ነው፤ ወዲያው አለቀ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ሲያልቅ አቶ ደበሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር።

«ያን ቀን እንቢ ብሎ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ክንዱን ይዤ፣ ሂድ ጉልበቱን ሳም፣ ከዘመድ አትለያይ ብዬ የወሰድኩት። ሀላሌ ሀላሌ እያልኩ ስኖር፣ ክንዱን ይዤው ነበር።»

ተነሥተው ወደ እናቴ ሄዱና ሊንበረከኩ ሲሉ እናቴ በእጇ ከለከለቻቸው። «እኔን አይደለም የበደላችሁት» አለች። «እሱ ያለበትን ታውቃለህ።»

መቃብሩ ከቤታችን ሩቅ ነው። እናቴ በየጥቂቱ እየቆመች፣ ዓይነ ስውሩ በልጃቸው ክንድ፣ አቶ ደበሌ በምርኩዝ፣ ከሰዓት በኋላ ደረስን። አቶ ደበሌ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው፣ በሕይወት ላለ ሰው እንደሚናገሩ አድርገው፣ «ግዛቸው፣ እውነተኛ ነበርህ። እኛ ነን የዋሸነው» አሉ። ዓይነ ስውሩም «እኛ ነን» አሉ።

ስንመለስ እናቴን «ለጋሼ ሸዋንግዛው ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ።

«ሰምቻለሁ በይው። ይቅርታውን በደብዳቤ አልሰጥም። አገሩ የተፈቀደለት ቀን ይምጣና እንደ ደበሌ በእግሩ እዚያ ድረስ ይሂድ። እኔ እወስደዋለሁ።»

ዕድሜ ለሁለታችሁም ይበቃችሁ ዘንድ እጸልያለሁ።

አባይነሽ